ጣት ወይስ ፊት? ስለ ስማርት ስልክ መክፈቻዎች የቀረበ ንጽጽር

1. መግቢያ

ሰው ገንዘቡንና ምሥጢሩን የሚያኖርበት ስፍራ በየዘመኑ ይለወጣል። አባቶቻችን በሣጥን ቈልፈው፣ እናቶቻችን በመቀነታቸው ቋጥረው ያኖሩት የነበረውን ነገር የዛሬ ሰው በእጅ ስልኩ ይዞት ይዞራል። ደብዳቤው፣ ፎቶግራፉ፣ የትምህርት ማስታወሻው፣ የባንክ ሒሳቡ፣ በአገራችንም ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ የቴሌብር ገንዘቡ ከመዳፍ ብዙም በማይሰፋ መሣሪያ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ስለሆነም ስልክ የጠፋበት ሰው የሚያዝነው ስለ ዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ስለሚከፍተው በር ጭምር ነው።

ይህን በር ለመዝጋት ሦስት ዐይነት ቁልፍ በሥራ ላይ ውሏል፤ አንደኛው በቃል የሚያዝ የምሥጢር ቍጥር፣ ሁለተኛው የጣት አሻራ፣ ሦስተኛው የፊት ገጽ ነው። በተማሪዎች መካከል «ከጣትና ከፊት የትኛው ይበልጣል?» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሣል። አንዱ ወገን ፊት አዲስ ጥበብ ስለሆነ ይሻላል ሲል፣ ሌላው ወገን ጣት ባለቤቱ ወዶ ካልዘረጋው አይከፍትምና ይሻላል ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ እንዴት እንደሚሠሩ ማስረዳት፣ ብርታታቸውንና ድካማቸውን መመዘን፣ ከዚያም ክርክሩ በትክክል የት ላይ መቆም እንዳለበት ማመልከት ነው።

ሐሳባችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ጣትም ሆነ ፊት የምሥጢር ቍጥርን አይተኩም፤ ይሸፍኑታል እንጂ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥም እንደ ሰውየው እጅ፣ እንደሚያድርበት ቤትና እንደ ስልኩ አሠራር የሚለያይ እንጂ ለሁሉ አንድ ፍርድ የሚሰጥበት ነገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

2. አካል ምልክትም ቁልፍም ስለ መሆኑ

አካልን ለመታወቂያ ማዋል የስልክ ዘመን የፈጠረው ነገር አይደለም። በ1858 ዓ.ም. በሕንድ አገር በቤንጋል የነበረው የእንግሊዝ ሹም ዊልያም ኸርሽል አንድ ሥራ ተቋራጭ በውሉ ወረቀት ላይ የመዳፉን አሻራ እንዲያሳርፍ አደረገ። በ1892 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን ስለ ጣት አሻራ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በአርጀንቲና ኹዋን ቩሴቲች በደረደረው የአሻራ መዝገብ አማካይነት የአንድ የግድያ ወንጀል ፈጻሚ ተለየ። በአገራችንም ፊደል ያልቈጠረ ሰው በፊርማ ፈንታ የአውራ ጣቱን አሻራ በውል ላይ ማሳረፉ የታወቀ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በውል ላይ የሚያርፈው አሻራ ምልክት ነው፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ባለሙያ ተቀምጦ፣ ጊዜ ወስዶ ይመረምረዋል። በስልክ ላይ የሚያርፈው አሻራ ግን ቁልፍ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው መሣሪያ ነው፤ ያውም ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ። ምልክት ለሁሉ የሚታይ መሆኑ አይጎዳውም። ቁልፍ ግን ለሁሉ የሚታይ ከሆነ ችግር ይፈጥራል፤ ጣታችን የነካውን ብርጭቆ ሁሉ ያትማልና፤ ፊታችንንም በመንገድ ላይ ተከናንበን አንሄድምና። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ከአንድ ነጥብ ይወጣል።

3. የጣት አሻራ የሚነበብበት መንገድ

ጣትን የሚያነብ ስልክ በ2011 ዓ.ም. ሞቶሮላ ኤትሪክስ በሚባለው መሣሪያ ላይ ለገበያ ቢቀርብም፣ ነገሩ በሰፊው የታወቀው አፕል የተባለው ኩባንያ በ2013 ዓ.ም. አይፎን 5ኤስን ባወጣ ጊዜ ነው። ኩባንያው ያን ጊዜ የሰጠው ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ይኸውም ከስማርት ስልክ ባለቤቶች ግማሽ ያህሉ ቍጥር መጻፉ ስለሚያሰለቻቸው ስልካቸውን ከነጭራሹ አይቈልፉትም የሚል ነበር። እንግዲህ የጣት ቁልፍ ከመነሻው የመጣው ጠንካራውን ቁልፍ ለማጠንከር ሳይሆን ቁልፍ የሌለውን በር ለማስቈለፍ ነው።

ዛሬ በስልኮች ላይ የሚገኙት የጣት አንባቢዎች ሦስት ዐይነት ናቸው።

የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። በስልኩ ጎን፣ ጀርባ ወይም የፊት ቁልፍ ላይ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የኤሌክትሪክ መያዣዎች እንደ ማሳ ትልም ተደርድረዋል። የጣት ቆዳ ሸንተረርና ሸለቆ አለው፤ ሸንተረሩ መሣሪያውን ሲነካ ሸለቆው ግን በመካከሉ አየር ይተዋል። በሁለቱ ሥር የሚከማቸው የኤሌክትሪክ መጠን ስለሚለያይ መሣሪያው ከልዩነቱ ተነሥቶ የአሻራውን ካርታ ይሥላል። ጣት ረጥቦ እንደሆነ ግን ውሃው ሸለቆውን ስለሚሞላው ካርታው ይደፈርሳል፤ እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ስልኩን የነካ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው በብርሃን የሚሠራው ሲሆን ከመስተዋቱ ሥር ይቀመጣል። መስተዋቱ ራሱ ጣቱን ያበራለታል፤ ከሥሩ ያለው ትንሽ ካሜራም የተመለሰውን ብርሃን ተቀብሎ ያነባል። ሦስተኛውም እንደዚሁ ከመስተዋቱ ሥር ሆኖ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ከፍተኛ የድምፅ ሞገድ ልኮ ማሚቶውን በመቀበል የሸንተረሩን ከፍታ የሚለካ ነው። ይህ የመጨረሻው ከሌሎቹ ይልቅ እርጥበትን ይችላል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ከፍ ይላል።

ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ። አንባቢው ጠባብ ስለሆነ ጣቱን በሙሉ አያይም፤ በከፊል ያያል። ስለዚህ ስልኩ በምዝገባ ጊዜ ጣቱን ደጋግመን እንድናሳርፍ ያደርግና ብዙ ቍራጭ ሥዕሎች ይይዛል፤ በኋላም ከነዚህ አንዱ ከገጠመ ይከፍታል። ይህ ለባለቤቱ ምቾት ነው፤ ነገር ግን ለባዕድ ሰውም የመግጠሚያውን ዕድል ያበዛለታል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ያሳተሟቸው ጥናቶች በዚሁ ጠባይ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ፤ ብዙ ሰዎች ከሚጋሯቸው የአሻራ ክፍሎች አንድ ሰው ሠራሽ አሻራ ቢዘጋጅ ከአንድ በላይ የሆኑ ሰዎችን መዝገብ ሊገጥም እንደሚችል አሳይተዋል።

4. ፊት የሚነበብበት መንገድ

«ስልኬ በፊቴ ይከፈታል» የሚሉ ሁለት ሰዎች ፍጹም ስለሚለያዩ ሁለት መሣሪያዎች እየተናገሩ ሊሆን ይችላል። የክርክሩ ግማሽ የሚመጣው ይህን ካለመለየት ነው።

አንደኛው ዐይነት የራስን ፎቶግራፍ በምናነሣበት በተለመደው የፊት ካሜራ ብቻ የሚሠራው ነው። ፕሮግራሙ ፎቶግራፉን ወደ ብዙ ቍጥሮች ዝርዝር ይለውጥና በምዝገባ ጊዜ ከተያዘው ዝርዝር ጋር ያለውን ርቀት ይለካል፤ ርቀቱ ከተወሰነው ልክ ካነሰ ይከፍታል። አንድሮይድ በ2011 ዓ.ም. ይህን ባስተዋወቀ ጊዜ መሣሪያው በባለቤቱ ፎቶግራፍ ሊታለል እንደሚችል ወዲያው ታወቀ፤ በሚከተለው ዓመት ባለቤቱ ዓይኑን እንዲያርገበግብ የሚጠይቅ ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ እንኳ የኔዘርላንድ የሸማቾች ማኅበር 110 ስልኮችን ፈትኖ በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ውጤቱን ሲያስታውቅ፣ 42ቱ በተራ ፎቶግራፍ ተከፍተው ተገኝተዋል።

ሁለተኛው ዐይነት ጥልቀትን የሚለካው ነው። አፕል በ2017 ዓ.ም. ባወጣው አይፎን ኤክስ ላይ ከ30,000 የሚበልጡ፣ ለዓይን የማይታዩ የኢንፍራሬድ የብርሃን ነጥቦች በፊት ላይ ይረጫሉ፤ ልዩ ካሜራም ነጥቦቹ በአፍንጫ፣ በጉንጭና በዓይን ጕድጓድ ላይ እንዴት እንደተበተኑ አይቶ የፊትን ቅርጽ ይሠራል። ፎቶግራፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ እዚህ አይሠራም። ብርሃኑም ከመሣሪያው ስለሚወጣ በጨለማ ቤት ውስጥ ሆኖ መክፈት ይቻላል። ከዚህም ሌላ መሣሪያው የባለቤቱ ዓይን ተከፍቶ ወደ ስልኩ መመልከቱን ያረጋግጣል።

ይሁን እንጂ ጥልቀት መለካት ብቻውን በቂ አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በ2019 ዓ.ም. የወጣው ጉግል ፒክስል 4 የፊትን ጥልቀት የሚለካ ቢሆንም የባለቤቱ ዓይን ተከድኖ ሳለ ይከፈት ነበር፤ ይኸውም የተኛ ሰው ስልክ በተኛበት ሊከፈትበት ይችል ነበር ማለት ነው። ጉድለቱ በ2020 ዓ.ም. በፕሮግራም ማሻሻያ ታረመ። በሌላ በኩል በ2023 ዓ.ም. የወጣው ፒክስል 8 በተለመደ ካሜራ ብቻ እየሠራ፣ ከፕሮግራሙ መሻሻል የተነሣ፣ ከፍተኛውን የአንድሮይድ መመዘኛ አልፏል። ስለዚህ ፍርድ የሚሰጠው በስሙ ሳይሆን በየስልኩ አሠራር ነው።

5. ሁለቱ ስሕተቶችና ስሌታቸው

በአንድ ግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሁለት ዐይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል፤ ባዕዱን ማስገባት ወይም ባለቤቱን መመለስ። እጅግ ከጠነከረ ባለቤቱን ይመልሳል፤ እጅግ ከላላ ባዕዱን ያስገባል። የጣትና የፊት መሣሪያም እንደዚሁ ነው፤ አንዱን ስሕተት ለመቀነስ ልኩ ሲጠብቅ ሌላው ይበዛል።

አፕል እንደሚለው በአጋጣሚ የተገኘ አንድ ባዕድ ሰው ጣት ከአንድ የተመዘገበ ጣት ጋር የመግጠሙ ዕድል ከ50,000 አንድ ነው፤ ባዕድ ፊት የመግጠሙ ዕድል ደግሞ ከ1,000,000 አንድ ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ፊት ጣትን 20 ጊዜ ይበልጣል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ኩባንያው ራሱ መንትያ ለሆኑ ሰዎች፣ ለሚመሳሰሉ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች፣ እንዲሁም ፊታቸው ገና ላልጠና ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ቍጥሩ እንደማይጸና ያስታውቃል። የጣት አሻራ ግን በመንትዮች መካከል እንኳ ይለያያል። እንግዲህ በመንገድ ላይ ላለ ባዕድ ሰው ፊት ሲጠነክር፣ በአንድ ቤት ውስጥ ለሚኖር መንትያ ጣት ይጠነክራል።

አሁን ጥቂት እናስላ። አንድ ሰው 5 ጣቶቹን አስመዘገበ እንበል፤ ባዕዱም መሣሪያው ቍጥር እስኪጠይቀው ድረስ 5 ጊዜ ቢሞክር፣ ዕድሉ በግምት 25 ከ50,000፣ ማለትም ከ2,000 አንድ ይሆናል። ባለ 4 አሐዝ የምሥጢር ቍጥር 10,000 ዐይነት ነው፤ ባለቤቱ ያለ አንዳች አድልዎ መርጦት እንደሆነ በ5 ሙከራ የመገመቱ ዕድል 5 ከ10,000፣ ይህም እንደዚያው ከ2,000 አንድ ነው። ባለ 6 አሐዝ ቢሆን ግን 5 ከ1,000,000፣ ማለትም ከ200,000 አንድ ይሆናል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛ፣ ብዙ ጣት ማስመዝገብ ዋጋ አለው፤ ሁለተኛ፣ የቍጥሩ ርዝመት በሁለት አሐዝ ብቻ ሲጨምር ብርታቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። 1234 ወይም የልደት ዓመት የሚመርጥ ሰው ግን ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ ቍጥሩ አስቀድሞ ይገመትበታልና።

6. አጋጣሚና ተንኰል

ከዚህ በላይ የተሰጠው ስሌት የሚያገለግለው ለአጋጣሚ ብቻ ነው። ሌባ ግን በአጋጣሚ አይሠራም፤ በተንኰል ይሠራል። በ2002 ዓ.ም. በጃፓን የዮኮሃማ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከምግብ ዕቃ ከሚገኘው ጀላቲን ጣት ሠርተው በ11 አንባቢ መሣሪያዎች ላይ ሞከሩት፤ መሣሪያዎቹም የጀላቲኑን ጣት ብዙ ጊዜ እንደ እውነተኛ ጣት ተቀበሉት። አይፎን 5ኤስ በወጣ በጥቂት ቀኖች ውስጥ በጀርመን የሚገኘው የካኦስ ኮምፒዩተር ክለብ ከብርጭቆ ላይ ከተነሣ አሻራ ሰው ሠራሽ ቆዳ አበጅቶ ስልኩን ከፈተው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም የዚሁ ክለብ አባል የአገሪቱን የመከላከያ ሚኒስትር የአውራ ጣት አሻራ በስብሰባ ላይ ከተነሡ ፎቶግራፎች መልሶ እንደ ሠራው በአደባባይ ገለጠ።

በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ10 ላይ የታየው ነገር ከዚህ የተለየ ነበር። ማንም ተንኰል አልሠራም፤ ነገር ግን አንዳንድ የሲሊኮን መሸፈኛ በመስተዋቱ ላይ ሲደረግ መሣሪያው የመሸፈኛውን ቅርጽ እንደ ባለቤቱ ጣት ቈጥሮ ለማንኛውም ጣት ይከፍት ጀመር። ኩባንያው ማረሚያ አወጣ። ስለዚህ መስተዋት መከለያ የለጠፈ ሰው የሌላ ሰው ጣት ስልኩን እንዳይከፍት መሞከሩ ብልኅነት ነው፤ ሙከራውም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ጉግል ለአንድሮይድ ስልኮች ያወጣው መመዘኛ ይህን ሁሉ በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በአጋጣሚ የመግጠሙ ልክ ለሦስቱም ደረጃዎች አንድ ሲሆን እርሱም ከ50,000 አንድ ነው። ደረጃዎቹን የሚለያያቸው በተንኰል ለተሠራ ጣት ወይም ፊት የሚከፈቱበት መጠን ነው፤ በጠንካራው ደረጃ ከ100 የተንኰል ሙከራ ቢበዛ 7 ብቻ ያልፋል፤ በመካከለኛው ከ7 እስከ 20፤ በዝቅተኛው ከ20 በላይ። ዝቅተኛው ደረጃ ስልኩን ከመክፈት በቀር ለባንክ ፕሮግራሞች ማረጋገጫ ሆኖ እንዲያገለግል አይፈቀድለትም። ስለሆነም የባንኩ ፕሮግራም ጣቱን ተቀብሎ ፊቱን አልቀበልም ያለው ሰው፣ የስልኩ የፊት መክፈቻ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ሊሆን እንደሚችል ይገምት።

7. የማን ጣት? የማን ፊት?

መሣሪያው የሚመዘነው በፋብሪካው ሳይሆን በተጠቃሚው አካል ላይ ነው። ግንበኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ገበሬ፣ ቀኑን ሙሉ በውሃና በሳሙና የምትሠራ ሴት፣ የጣታቸው ሸንተረር ያልቃል። ሽማግሌዎችም ቆዳቸው ስለሚደርቅና ስለሚለሰልስ ይቸገራሉ። በሕንድ አገር አድሃር የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ከተጀመረ ወዲህ የቀን ሠራተኞችና አረጋውያን አሻራቸው አልነበብ እያለ የሚገባቸውን የመንግሥት ርዳታ ለማግኘት የተቸገሩበት ጊዜ ነበር። በአገራችን የፋይዳ መታወቂያ ሲሰጥ ዐሥሩ ጣቶች፣ ሁለቱ ዓይኖችና ፊት በአንድነት የሚመዘገቡት አንዱ ቢደክም ሌላው እንዲተካው ይረዳል። ስልክ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ አውራ ጣት ላይ ይንጠለጠላል። እንዲህ ላለው ሰው ብዙ የማይሠራበትን ጣት፣ ለምሳሌ የቀለበት ጣቱን፣ ማስመዝገብ ወይም አንዱን ጣት ሁለት ጊዜ ማስመዝገብ ሊረዳው ይችላል።

በፊትም በኩል የሚታይ አድልዎ አለ፤ እርሱም እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። የአሜሪካ የመለኪያና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በታኅሣሥ 2019 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከ99 አዘጋጆች የመጡ 189 ፕሮግራሞችን በ8.49 ሚሊዮን ሰዎች 18.27 ሚሊዮን ፎቶግራፎች ላይ ፈተነ። አንዱን ሰው ከሌላው ጋር የማሳሳቱ ብዛት ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪቃ እንዲሁም ከምሥራቅ እስያ በመጡ ሰዎች ላይ ከሁሉ የበዛ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡት ላይ ከሁሉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱም በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይደርስ ነበር። በቻይና ከተዘጋጁት ፕሮግራሞች በአንዳንዶቹ ግን በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ የሚታየው ስሕተት አነስተኛ ነበር። ይህም ምክንያቱ በፊት ቀለም ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ አይቶ በተማረባቸው ፊቶች ላይ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2018 ዓ.ም. ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ፣ ከፊት ፎቶግራፍ ፆታን የሚገምቱ የሦስት ኩባንያዎች ፕሮግራሞችን መርምረው ነበር። ስሕተቱ በነጣ ቆዳ ወንዶች ላይ ከ100 ከአንድ ያነሰ ሲሆን፣ በጠቈረ ቆዳ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ አገኙት። እርግጥ ነው፤ ሁለቱም ጥናቶች የተደረጉት በፎቶግራፍ ላይ ነው እንጂ በስልክ ጥልቀት መለኪያ ላይ አይደለም፤ የሁለተኛውም ጥያቄ ሌላ ነበር። ነገር ግን «ከ1,000,000 አንድ» የሚለው ቍጥር በማን ፊት ላይ ተለክቶ እንደ ተገኘ መጠየቅ የእኛ መብት መሆኑን ያስተምሩናል።

ከአካል ሌላ ልብስም አለ። በ2020 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ሁሉም አፍንጫና አፉን በሸፈነ ጊዜ በፊት የሚከፈቱ ስልኮች ባለቤቶቻቸውን አላውቅም አሉ፤ አፕልም በዓይን አካባቢ ብቻ የሚለይበትን ማሻሻያ ያወጣው በመጋቢት 2022 ዓ.ም. ነው። ስለ እምነቷ ፊቷን የምትሸፍን ሴትም የፊት መክፈቻ በየሰዓቱ አያገለግላትም፤ ጣት ይሻላታል።

8. እንቅልፍ፣ ግዳጅና የማይለወጥ ቁልፍ

በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆነን ለምናድር ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አለ፤ የተኛ ሰው ጣት ይከፍታል ወይ? ይከፍታል። ጣት እንቅልፍን አያውቅም። ዓይን መከፈቱን የሚመረምር የፊት መክፈቻ ግን የተኛውን ሰው ይጠብቃል። በአንጻሩ ነቅቶ የቆመን ሰው ስልኩን ነጥቆ ወደ ፊቱ ማዞር ጣቱን ይዞ ከማስነካት ይቀልላል። ስለዚህ በመኝታ ቤት ፊት ሲሻል፣ በመንገድ ጣት ይሻላል።

ስለ ግዳጅ የሕግ ሰዎችም ይከራከራሉ። በአሜሪካ የሚነሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ዓ.ም. ተጠርጣሪን በጣቱ ስልኩን እንዲከፍት ማዘዝ በራስ ላይ እንደ መመስከር አይቈጠርም ሲል ፈረደ፤ በዋሽንግተን ከተማ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2025 ዓ.ም. በሌላ ጉዳይ ላይ የዚህን ተቃራኒ ፈረደ። የክርክሩ ሥር ቀላል ነው፤ ቍጥር በልብ ውስጥ ያለ ዕውቀት ሲሆን፣ ጣት ግን በውጭ የሚታይ አካል ነው።

ከዚህም የሚከብደው ይህ ነው፤ ቍጥር ሲታወቅ ይለወጣል፤ ጣትና ፊት አይለወጡም። በ2015 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራ መዝገብ ተሰርቋል፤ ለነዚህ ሰዎች አዲስ ጣት የሚሰጣቸው የለም። ይሁንና በስልክና በእንዲህ ያለ ትልቅ መዝገብ መካከል ልዩነት አለ። በሚገባ የተሠራ ስልክ የጣቱን ወይም የፊቱን ሥዕል አያስቀምጥም፤ ወደ ቍጥሮች ለውጦ ከዋናው ክፍል በተለየ ጽኑ ማኅደር ውስጥ ይዘጋበታል፤ ወደ ኩባንያውም አይልከውም። ስለዚህ አሻራችንን ከስልካችን ውስጥ መስረቅ ከነካነው ብርጭቆ ላይ ከማንሣት እጅግ ይከብዳል።

9. ከሁለቱ በስተኋላ ያለው ቁልፍ

ስልኩ ጠፍቶ ሲነሣ የሚጠይቀው ጣት ወይም ፊት ሳይሆን ቍጥሩን ነው። አይፎን ከ48 ሰዓት በላይ ሳይከፈት ቢቈይ፣ ወይም 5 ጊዜ ቢሳሳት፣ ቍጥሩን ይጠይቃል። በአንድሮይድም ጠንካራው ደረጃ በየ72 ሰዓቱ፣ ሌሎቹ በየ24 ሰዓቱ ቍጥሩን እንዲጠይቁ ታዘዋል። ስለዚህ ቍጥሩን የያዘ ሰው ጣትም ፊትም አያስፈልገውም፤ የራሱን ጣት ሊያስመዘግብም ይችላል። ባለ ብዙ ብር ስልክ ገዝቶ 1234 ብሎ የዘጋ ሰው የብረት በር በሣር አጥር ላይ እንደ ገጠመ ሰው ነው።

ይህ ከሆነ ጣትና ፊት ምን ይጠቅማሉ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ከሌቦች ተግባር ይገኛል። በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚታተም አንድ ታላቅ ጋዜጣ ሌቦች በመጠጥ ቤት ሰው ቍጥሩን ሲጽፍ አጮልቀው እያዩ፣ ከዚያ ስልኩን እየነጠቁ የባንክ ሒሳብ እንደሚያራቍቱ ጻፈ። አፕል በጥር 2024 ዓ.ም. ባወጣው መከላከያ ስልኩ ባለቤቱ ከለመደው ስፍራ ርቆ ሲገኝ ለከባድ ለውጦች ቍጥሩ ብቻውን እንዳይበቃና ጣት ወይም ፊት የግድ እንዲሆን አደረገ። በታክሲ ተጨናንቀን ስንሄድ ከጎናችን ያለው ሰው ቍጥራችንን ሊያይ ይችላል፤ ጣታችንን ግን አይቶ ሊወስደው አይችልም።

እንግዲህ የጣትና የፊት እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው። ቍጥሩን በቀን መቶ ጊዜ ከመጻፍ ስለሚያድኑን ቍጥሩ ረጅም ቢሆን አይከብደንም፤ በሰው ፊትም ስለማንጽፈው ተሰውሮ ይኖራል። አጭር ቍጥር ይዞ በጣት የሚከፍት ሰው ከዚህ ጥቅም ግማሹን ትቶታል።

10. መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን በአጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። ጥልቀት የሚለካና ዓይን መከፈቱን የሚመረምር ስልክ ላለው፣ ከብዙ ሰው ጋር ለሚያድርና መንትያ ለሌለው ሰው ፊት ይመረጣል። በተለመደ ካሜራ ብቻ ፊትን የሚያይ ስልክ ላለው ሰው፣ መሣሪያው ጠንካራው ደረጃ ላይ መድረሱ ካልታወቀ በቀር፣ ጣት ይመረጣል። እጁ በሥራ ለተበላ ሰው ፊት፣ ፊቱን ለሚሸፍን ሰው ጣት ይስማማዋል። ለሁሉም ግን ቢያንስ 6 አሐዝ ያለውና ከልደት ቀን ያልተወሰደ ቍጥር ያስፈልገዋል። አስጊ ስፍራ ሲገባም ስልኩን ማጥፋት ወይም በአንድሮይድና በአይፎን ላይ የተዘጋጀውን አስቸኳይ መዝጊያ መጠቀም ጣትንና ፊትን ለጊዜው ያግዳል፤ ያን ጊዜ የሚከፍተው ቍጥሩ ብቻ ነው።

ሰው ጣቱን በነካው ዕቃ ሁሉ ላይ ትቶ፣ ፊቱንም ለሁሉ እያሳየ ይኖራል። በልቡ የያዘውን ቍጥር ግን ካልተናገረው ወይም ሲጽፈው ካልታየ ማንም አያገኘውም። የጣትና የፊት ክርክር መቆም ያለበት እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ የተሻለ አስተያየት ያላቸው የትምህርት ባልደረቦቻችንና መምህሮቻችንም በዚሁ መጽሔት ላይ ቢመልሱልን በደስታ እንቀበላለን።